የእንጨት ክንፍ ዳግም ሲሠራ

የቀላል አውሮፕላን የእንጨት ክንፍ ከውጭ ሲታይ የተወጠረና ቀለም የተቀባ ጨርቅ ብቻ ነው። ሸክሙን የሚችለው ከጨርቁ ሥር ያለው አጽም ነው። እ.ኤ.አ. ከ1910ዎቹ እስከ 1940ዎቹ አጋማሽ ድረስ አብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች የሚበሩት በዚህ ዓይነት ክንፍ ነበር። ዛሬ ከእነዚያ አንዱን ለማደስ የሚነሣ ባለሙያ ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው ክንፉ ነው። ሞተር ሲታመም ይጮኻል፣ ያጨሳል፣ ዘይት ያንጠባጥባል፤ የእንጨት ክንፍ ግን ውስጡ በስብሶም ላዩ ያምራል።

ኢትዮጵያ ከአውሮፕላን ጋር የተዋወቀችው በዚሁ ዘመን ነው። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ፖቴዝ 25 የተባለ የፈረንሳይ አውሮፕላን ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ አረፈ። በተከታዮቹ ጥቂት ዓመታት ከመጡት መካከል የቀላል አውሮፕላን ዓይነተኛ ምሳሌ የሚሆነው የእንግሊዙ ዲ ሃቪላንድ ጂፕሲ ሞዝ ነው። ሁለት ሰው ይጭናል፤ ላይና ታች ድርብ ክንፍ አለው፤ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 9 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ሞተሩ 100 የፈረስ ጉልበት ነው፤ ባዶ ክብደቱ ከግማሽ ቶን ያንሳል። ክንፉ ወደ ኋላ ስለሚታጠፍ በጠባብ መጋዘን ሊቀመጥ ይችላል። ለንጉሠ ነገሥቱ የመጣው ሞዝ ግን ብዙ አላገለገለም። ለጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ዝግጅት በሚደረግበት ሰሞን የትሪኒዳድ ተወላጁ አብራሪ ሂዩበርት ጁሊያን ይዞት ተነሣና ከሰከሰው፤ እሱም ከአገር እንዲወጣ ተደረገ።

እ.ኤ.አ. በ1935 ደግሞ የመንግሥቱ አብራሪ የነበረው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አዲስ አበባ ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ስም «ፀሐይ» ተባለች። ጣሊያን አገሪቱን በወረረ ጊዜ ተማርካ ተወሰደች።

ከነፃነት በኋላ የእንጨት ክንፍ ጨርሶ አልጠፋም። የኢትዮጵያ አብራሪዎችን ሲያሠለጥን የኖረው አፍሪካ አሜሪካዊው ጆን ሮቢንሰን በመጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በደረሰ አደጋ ሕይወቱ ያለፈው ስቲንሰን ኤል-5 የተባለ አውሮፕላን ሲያበር ነበር። የኤል-5 አካል የብረት ቱቦ ነው፤ ክንፉና ጅራቱ ግን ከስፕሩስ እንጨትና ከማሆጋኒ ኮምፔርሳቶ ተሠርቶ ጨርቅ የለበሰ ነው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ «እሸት» በሚል ስም የገጣጠማቸው የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላኖች ሲመጡ ዘመኑ ወደ ብረት ከዞረ ቆይቶ ነበር።

የእንጨት ክንፍ ዋና አካል ስፓር ይባላል። ከክንፉ ሥር እስከ ጫፉ የሚዘረጋ ረጅም ተሸካሚ እንጨት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስፓሮች ይኖራሉ፤ አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ። አንዳንዱ ወጥ ጣውላ ነው፤ አንዳንዱ ክብደት ለመቀነስ ጎንና ጎኑ ይቦረቦራል፤ አንዳንዱ ደግሞ ላይና ታቹ እንጨት፣ ግራና ቀኙ ስስ ኮምፔርሳቶ ሆኖ ውስጡ ክፍት ሣጥን ነው። አውሮፕላኑ በአየር ላይ ሲሆን ክንፉ ወደ ላይ ስለሚታጠፍ የስፓሩ የላይኛው ገጽ ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል። በስፓሮቹ ላይ ጎን ለጎን የሚደረደሩት ሪቦች ናቸው። ሪብ ለክንፉ ቅርጹን ይሰጠዋል፤ አየሩ በምን ዓይነት ኩርባ ላይ እንደሚያልፍ የሚወስነው እሱ ነው። የእርሳስ ውፍረት ካላቸው ቀጫጭን እንጨቶች ይገጣጠማል፤ በየመገናኛው ትንንሽ የኮምፔርሳቶ ቁራጭ በኮላ ይለጠፍበታል። በስፓሮቹ መካከል የሚጋደሙ መወጠሪያ እንጨቶችና በየክፍሉ የሚመሳቀሉ የብረት ሽቦዎች ክንፉ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዳይጣመም ይይዙታል።

እንጨት በትክክል ከደረቀና ከተጠበቀ አየር ላይ ስለቆየ ብቻ አይደክምም። ብረት በተደጋጋሚ ሲታጠፍ እየደከመ የሚሄደውን ያህል እንጨት አይደክምም፤ ይህ ብዙ ሰው የማያምነው ትልቅ ጥቅሙ ነው። የሚገድለው ውኃ ነው፤ ከውኃ ቀጥሎ ደግሞ ያረጀ ኮላ። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት የአውሮፕላን ኮላ ከወተት ከሚወጣ ፕሮቲንና ከኖራ የሚዘጋጀው ካዜይን ነበር። ሲደርቅ በጣም ጠንካራ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ግን ሻጋታ ይበላዋል። እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 1931 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት አንድ ፎከር ኤፍ-10 የመንገደኞች አውሮፕላን ክንፉ በአየር ላይ ተሰብሮ የነበሩበት 8 ሰዎች በሙሉ ሞቱ። ከሟቾቹ አንዱ ስመ ጥሩው የአሜሪካ እግር ኳስ አሠልጣኝ ኑት ሮክኒ ስለነበር ጉዳዩ አገር ያናወጠ ሆነ። ምርመራው ጣቱን የቀሰረው ወደ ክንፉ ውስጥ ገብቶ ማጣበቂያውን ባዳከመ እርጥበት ላይ ነው። አየር መንገዶች ፊታቸውን ወደ ብረት እንዲያዞሩ ካፋጠኗቸው ምክንያቶች ይህ አንዱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ገደማም ወደ ሕንድ የተላኩ የእንግሊዝ ሞስኪቶ አውሮፕላኖች ክንፋቸው መላቀቅ ጀመረ። መጀመሪያ የተወነጀለው የአገሩ ሙቀትና እርጥበት ነበር፤ ሲመረመር ግን ፋብሪካ ውስጥ በጥንቃቄ ያልተጣበቀ እንጨትም ተገኘ። እንጨቱን አምቶ የሚተው ባለሙያ ከዚህ የሚማረው አለ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሠሪው ነው።

በደቡብ ጎንደር ምሥራቅ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ያለው የአየር ሁኔታ ለእንጨት ክንፍ ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል ጥሩ ማሳያ ነው። የጉና ተራራ ከ4,100 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፤ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ የስማዳና የእስቴ መሬት ግን ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ ሸለቆ ሲወርድ ቆላ ይሆናል። በክረምት ደጋው በጉምና በዝናብ ይርሳል፤ በበጋ ያው ቦታ ፀሐይና ደረቅ ንፋስ ይፈራረቁበታል። እንጨት እርጥበት ሲስብ በጎኑ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በቁመቱ ግን እምብዛም አይለወጥም። ስፓሩ በብሎን ከታሰረ የብረት ሰሌዳ ጋር ሲሆን ብረቱ አብሮት አይኮማተርም፤ ስለዚህ ከዓመት ዓመት ከብሎኑ ቀዳዳ የሚነሣ ስንጥቅ በቃጫው መሥመር ይሄዳል። ሁለተኛው ችግር ከፍታው ነው። በነፋስ መውጫ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አራተኛ ያህል ይሳሳል፤ ሞተሩም ክንፉም የሚሠሩበት አየር ያንሳቸዋል። ስለዚህ በደጋ አገር ለሚበር አውሮፕላን በእድሳት ጊዜ የሚጨመር እያንዳንዱ ኪሎ ዋጋ ያስከፍላል። «ለጥንካሬው» እየተባለ የሚደራረብ እንጨትና ኮላ አውሮፕላኑን መግደል ነው።

ሥራው የሚጀምረው ጨርቁን በመግፈፍ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን ክንፉ በሙሉ ይለካል፣ ፎቶ ይነሣል። የሪቦቹ ርቀት፣ የሽቦዎቹ አቅጣጫ፣ የኤሌሮኑ (አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለው ተንቀሳቃሽ የክንፍ ክፍል) መያዣዎች ቦታ፣ የብሎኖቹ ርዝመት ሁሉ ይጻፋል። አሮጌው ክንፍ የተበላሸ ቢሆንም የአዲሱ መለኪያ እሱ ነው፤ ስብርባሪው ሥራው እስኪያልቅ አይጣልም። የፋብሪካው ንድፍ ከተገኘ ደግሞ አሮጌውና ንድፉ ይመሳከራሉ። ባለፉት ዓመታት ጠጋኞች ከንድፉ የወጡባቸው ቦታዎች የሚታዩት ያኔ ነው።

ምርመራው ትዕግሥት ይጠይቃል። ባትሪ መብራት በስፓሩ ገጽ ላይ በአግድሞሽ ሲበራ ከቃጫው ተሻግሮ የሚያልፍ እንደ ፀጉር የቀጠነ መሥመር ከታየ እንጨቱ በጭመቃ ተሰብሯል ማለት ነው። ይህ በቁመት ከሚሄድ ስንጥቅ ይልቅ አደገኛ ነው። ክንፉ መሬት ነክቶ የሚያውቅ አውሮፕላን ላይ በተለይ ከማጠናከሪያ ሰሌዳዎች ጫፍ አጠገብ ይፈለጋል። በብሎን ዙሪያ የጠቆረ እንጨት ውኃ መግባቱንና ብረቱ መዛጉን ይነግራል። በፕላስቲክ መዶሻ ቀስ ተብሎ ሲመታ ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ወይም ማጣበቂያው የለቀቀው ይደነቁራል። የሻጋታ ሽታ ራሱ ማስረጃ ነው። አሮጌ የካዜይን መገጣጠሚያ በስስ ቢላዋ ጫፍ ሲነካ እንደ ዱቄት ከረገፈ ምርመራው አልቋል፤ የዚያ ክንፍ መገጣጠሚያ ሁሉ እንደሞተ ይቆጠራል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱ ብዙዎች ናቸው፤ የባሰውን ብቻ ቆርጠው ሌላውን ይተዉታል። አንድ ዓይነት ኮላ፣ አንድ ዓይነት ዕድሜ፣ አንድ ዓይነት እርጥበት ያሳለፈ መገጣጠሚያ አንዱ ሲረግፍ ጎረቤቱ ደህና ይሆናል ብሎ ማመን አይቻልም።

ቀጥሎ እንጨት መምረጥ ነው። የአውሮፕላን ስፓር መለኪያ የሆነው በሰሜን አሜሪካ ምዕራባዊ ዳርቻ የሚበቅለው ሲትካ ስፕሩስ ነው። ከክብደቱ አንጻር ጥንካሬው ከፍተኛ ነው፤ ረጅምና ጉጥ የሌለው ጣውላ ይሰጣል፤ ኮላም በደንብ ይቀበላል። ቢሆንም ከአንድ ግንድ ለስፓር የሚበቃው ጥቂት ነው። ቃጫው ከጣውላው ጠርዝ ጋር ትይዩ ሊሆን ይገባል፤ በ15 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ውስጥ ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ካዘነበለ አይፈቀድም። የዕድገት ቀለበቶቹ ቀጫጭንና የተቀራረቡ፣ እርጥበቱ ከ8 እስከ 12 በመቶ መሆን አለበት። የጋይንት ወይም የእስቴ ገበሬ ሞፈር ሲመርጥ የሚያደርገው ከዚህ አይርቅም፤ ቃጫው ከጫፍ ጫፍ ሳይቆረጥ የሚሄድ፣ ጉጥ ያልበዛበት፣ ያልተጠማዘዘ ግንድ ይፈልጋል፤ ቃጫው በጎን የወጣ ሞፈር ከወጣበት ላይ እንደሚሰበር ያውቃልና።

እዚህ አገር በሚበቅል እንጨት መሥራት አይቻልም ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ዋንዛ ቀላል ነው፤ አይጣመምም፤ የደቡብ ጎንደር አናጢ ለበርና ለበርጩማ ይመርጠዋል። ዝግባም ቃጫው ቀጥ ያለ ነው። ባሕር ዛፍ ግን ይከብዳል፣ ሲደርቅም ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል። ችግሩ ዋንዛ ወይም ዝግባ መጥፎ መሆኑ አይደለም። ስፓር የሚሠራበት እንጨት ምን ያህል ሲጫን እንደሚሰበር በብዙ ናሙና ተፈትኖ ቁጥሩ መታወቅ አለበት፤ የአውሮፕላኑ ንድፍ የተሰላውም በስፕሩስ ቁጥር ነው። እንጨት ሲቀየር ስሌቱ ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል። ባለ ልምድ አናጢ በእጁ መዝኖ «ይህ ይችላል» ማለቱ ለቤት ወራጅ ይበቃል፤ ለስፓር አይበቃም።

ስፓሩ ሙሉ በሙሉ መቀየር ካላስፈለገ ጤነኛው ክፍል ላይ አዲስ እንጨት ይቀጠላል። ሁለቱም ጫፎች በሰያፍ ይቆረጣሉ፤ የሰያፉ ርዝመት የእንጨቱ ውፍረት 12 እጥፍ ቢሆን ይመረጣል፣ ከ10 እጥፍ ግን አያንስም። ሰያፉ በረዘመ ቁጥር የሚጣበቀው ገጽ ይሰፋል፤ ሸክሙም በቃጫው በኩል ከአሮጌው ወደ አዲሱ በዝግታ ይተላለፋል። ክንፉ ከአካሉ በሚያያዝበት፣ የክንፍ ደጋፊ ምሰሶ በሚታሰርበት ወይም የጎማ እግር ሸክም በሚያርፍበት ቦታ ላይ ግን ቅጥያ ፈጽሞ አይደረግም። የሚጣበቀው ገጽ በተሳለ ፒያላ ይላጋል። በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ጥሩ ልማድ አይደለም፤ የእንጨቱን ቀዳዳዎች በብናኝ ይደፍናቸዋልና ኮላው ሥር አይሰድም።

በኮላው ላይ ዛሬ ማንም ካዜይንን አይመርጥም። ለረጅም ጊዜ መለኪያ ሆኖ የቆየው ሬዞርሲኖል የተባለው ጥቁር ቀይ ኮላ ነው፤ ውኃ አይበግረውም። አመሉ ግን ከባድ ነው፤ መገጣጠሚያው ክፍተት ሳይኖረው ገጥሞ በሞርሳ ጠብቆ ሊታሰር ይገባል፤ የክፍሉ ሙቀትም ከ21 ዲግሪ በታች ሊወርድ አይገባም። በጉና ሥር ባለ ቆርቆሮ ቤት ሌሊት ያጣበቁትን ጠዋት ደረቀ ማለት አይቻልም፤ ክፍሉን ማሞቅ የግድ ነው። ኢፖክሲ የተባለው ኮላ ትንሽ ክፍተት ስለሚሞላና ብዙ ጭመቃ ስለማይፈልግ በዚህ ዘመን ብዙ አዳሾች ወደ እሱ ሄደዋል። በሞርሳ ከመጠን በላይ ጠብቆ ኮላውን አሟጥጦ ማስወጣት ግን የኢፖክሲ ጠላት ነው። የትኛውም ኮላ ቢሆን ከእያንዳንዱ ድብልቅ በተራፊ እንጨት ላይ ናሙና ይጣበቃል፤ ሲደርቅ በመዶሻ ይሰበራል። እንጨቱ ተቀዶ መገጣጠሚያው ከቆየ ኮላው አልፏል። መገጣጠሚያው ልሙጥ ሆኖ ከተላቀቀ በዚያ ድብልቅ የተሠራው ሁሉ ይፈርሳል። ይህን ናሙና የማይሰብር ሠራተኛ ሥራው ቢያምርም አይታመንም።

ሪቦቹ በማውጫ ሰሌዳ ላይ ይሠራሉ። የሪቡ ቅርጽ በወፍራም ጣውላ ላይ ይሣላል፤ በመሥመሩ ግራና ቀኝ ትንንሽ የእንጨት መያዣዎች ይመታሉ፤ ቀጫጭኑ እንጨት በውኃ እንፋሎት ለዝቦ ይታጠፍና በመካከላቸው ይገባል። አንዱ ከሌላው ሳይለይ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሥራው ከባድ አይደለም፣ ያሰለቻል እንጂ።

አጽሙ ሲሰበሰብ ስፓሮቹ በተስተካከሉ መቆሚያዎች ላይ በውኃ ልክ ይቀመጣሉ፤ ሪቦቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ መወጠሪያ ሽቦዎቹ ይታሰራሉ። ከዚያ በየክፍሉ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሁለት ጊዜ ይለካል፤ ሁለቱ ልኮች እኩል እስኪሆኑ አንዱ ሽቦ ይጠብቃል፣ ሌላው ይላላል። አንዱን ክፍል ማስተካከል ጎረቤቱን ስለሚያዛባ ተመልሶ መለካት አይቀርም። እዚህ ላይ የተቻኮለ ሰው ወደ አንድ ጎን የሚጎትት አውሮፕላን ይሠራል፤ አብራሪውም በበረረ ቁጥር መሪውን እየታገለ ይኖራል።

ከመሸፈኑ በፊት የኮላ መገጣጠሚያዎች በሙሉ በተቆጣጣሪ ይታያሉ፤ ጨርቁ ከለበሰ በኋላ ማንም አያያቸውም። እንጨቱ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀባል፤ የተቆረጠ የጣውላ ጫፍና የብሎን ቀዳዳ ውስጥ ሳይቀር ይቀባል፣ ውኃ የሚገባው በቃጫ ጫፍ ነውና። ከክንፉ በታች በየክፍሉ ትንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ይተዋል። አሮጌ ክንፎችን ከገደሉት ነገሮች አንዱ በጭቃና በቀለም የተደፈነ የዚህ ዓይነት ቀዳዳ ነው።

ጨርቁ ድሮ የአየርላንድ ተልባ ወይም ጥሩ ጥጥ ነበር። ዶፕ የተባለ ፈሳሽ ተቀብቶበት ሲደርቅ ይኮማተርና ከበሮ ይሆናል፤ የመጀመሪያዎቹ የዶፕ ዓይነቶች እንደ ባሩድ የሚቀጣጠሉ ስለነበሩ በሥራ ቤቱ ሲጋራ ማቀጣጠል የተከለከለ ነበር። አሁን የሚለብሰው ፖሊስተር ነው፤ በካውያ ሙቀት ይኮማተራል፣ ከጥጥም እጅግ ይቆያል። ካውያው ግን በሙቀት መለኪያ የተፈተነ መሆን አለበት፤ ከልክ በላይ የተወጠረ ጨርቅ ቀጫጭን ሪቦችን ያጎብጣል። በመጨረሻም ጨርቁ በረጅም መርፌና በሰም በተነከረ ክር ከእያንዳንዱ ሪብ ጋር ይሰፋል። በክንፉ ላይ ያለው የአየር ስበት ጨርቁን ከሪቡ ሊገነጥለው ስለሚፈልግ፣ ኮላ ብቻውን አይታመንም። እየተጠለፈ የሚሄደው ስፌት በየጥቂት ሴንቲ ሜትሩ ይቋጠራል፤ በላዩ ጥብጣብ ይለጠፍበታል፤ ከዚያ የፀሐይን ጨረር የሚመልስ የብር ቀለም፣ በመጨረሻም የአውሮፕላኑ ቀለም ይቀባል።

እንዲህ የተሠራ ክንፍ ለመብረር የሚፈቀድለት የሥራ መዝገቡ ተሟልቶ፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ፈርሞበትና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ተቀብሎት ነው። የእንጨቱ ምንጭ፣ የኮላው ዓይነት፣ የተሰበሩት ናሙናዎች፣ የቅጥያዎቹ ልክ በመዝገቡ ይገኛሉ።

ለመብረር የሚታደስና ለሙዚየም የሚጠበቅ አውሮፕላን ሕጋቸው ግን ይለያያል። ለመብረር የሚታደሰው ላይ የተጠረጠረ እንጨት ሁሉ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜ ከጥንቱ ክንፍ የሚተርፈው የብረት ማያያዣው ብቻ ነው። ሙዚየም የሚገባው ላይ ግን የተገላቢጦሽ ነው፤ የቀድሞው ሠራተኛ የላገው እንጨት፣ የመዶሻው ምልክት፣ የቀባው ቀለም ራሱ ሰነድ ስለሆነ ሳይነካ ይጠበቃል፤ የሚደረገው ጥበቃ እርጥበትንና ብርሃንን መቆጣጠር፣ ነቀዝና ሻጋታን መከላከል ነው። ፀሐይ ለብዙ ዓመታት በሮም አቅራቢያ በሚገኘው በቪኛ ዲ ቫሌ የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም ከቆየች በኋላ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ በይፋ ተመልሳለች። እንደ እሷ ባለ አንድያ ቅርስ ላይ፣ እንጨትም ሆነ ጨርቅ ወይም ብረት፣ «እንደ አዲስ እናድርጋት» የሚለው አሳብ ተቀባይነት ሊኖረው አይገባም። የምትበር ፀሐይን ማየት የሚፈልግ አለ ከተባለ፣ ትክክለኛው መንገድ ዋናዋን ለክቶ አምሳያዋን በአዲስ እንጨት መሥራት ነው።